የዘር ማሕደር በእንስሳትና በዕፀዋት

ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ ባለችው በመልካ ጀብዱ ቆላ፣ ዝናብ አጥሮ ፀሐይ በሚበዛበት ምድር፣ ፍየልና ግመል የሚያረባው አርብቶ አደርና ከጕድጓድ ውኃ እየሳበ የሚያለማው ገበሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የሁለቱ ሀብት መሠረቱ ሲመረመር ግን የሚገኘው በአንድ ስፍራ፣ ይኸውም እንስት ፍጥረት ዘሯን በምታኖርበትና በምታበስልበት ማሕደር ውስጥ ነው። ይህ ማሕደር በእንስሳት የእንቁላል ዕጢ ሲባል፣ በዕፀዋት ደግሞ በአበባ ሴቴ አካል ግርጌ አብጦ የሚታየው ክፍል ነው። በአፈጣጠር ፈጽመው ቢለያዩም አንድ ግዴታ ያገናኛቸዋል፤ የእናት ዘር ስንቁን ይዞ የሚወጣ ውድ ነገር ስለ ሆነ፣ ጊዜውን ሳይጠብቅ ሊባክን አይገባውም።

ዶሮ ለወጥ የበለተች ባለሙያ ሁሉ የእንቁላል ዕጢን በዓይኗ አይታዋለች። የምትጥል ዶሮ ሆዷ ሲከፈት፣ ከጀርባ አጥንቷ ሥር በግራ በኩል፣ ከደቃቁ ጀምሮ እስከ ሙሉ አስኳል የሚደርሱ ቢጫ እንክብሎች እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው ይገኛሉ፤ በቀኝ በኩል የማይታዩትም ሁለተኛው ዕጢ ገና በፅንስነቷ ሳለች መንምኖ ስለሚቀር ነው። የበሰለው አስኳል ከሽፋኑ ተላቆ ወደ ቱቦው አፍ ሲገባ፣ ፅንሰት የሚሆነው በዚያች ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ነጩ ለመልበስ 3 ሰዓት ያህል፣ ስሱ ሽፋን ለመሸፈን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ቅርፊቱ ለመጠንከር ደግሞ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አውራ ዶሮ በሌለበትም ይህ ሥራ አይቋረጥም።

ግመል ከዚህ ፈጽማ ትለያለች። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ስትፈልግ፣ ብትጠቃም ባትጠቃም ዕጢዋ እንቁላሉን ይለቃል፤ የሴት ግመል ዕጢ ግን አብስሎ ይጠብቃል እንጂ በተባዕቱ ካልተጠቃች በቀር አይለቅም፤ የሚያስለቅቀውም በተባዕቱ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። ሌላም ድንቅ ነገር አለ፤ የግራውም የቀኙም ዕጢ እኩል ሲሠሩ፣ ፅንሱ የሚያድገው ግን ከጥቂት በቀር ሁልጊዜ በማሕፀኗ ግራ ቀንድ ነው። እርግዝናው 13 ወር ያህል ለሚፈጅባት የበረሃ እንስሳ እንዲህ ያለው ጥበቃ የተገባ ቁጠባ ይመስለኛል።

በሰው ዘንድ፣ ሴት ልጅ የእንቁላል ሕዋሳቷን ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ትቀበላለች፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የነበሩት ለዐቅመ ሔዋን ስትደርስ ወደ 300 ወይም 400 ሺህ ይወርዳሉ፤ በዕድሜዋ ሙሉ የሚለቀቁትም 400 ገደማ ብቻ ናቸው። የሆላንዱ ሐኪም ረኒየ ደ ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1672 እንቁላሉ የሚበስልባቸውን ከረጢቶች ገልጦ ጻፈ፤ ራሱ የአጥቢ እንስሳ እንቁላል ግን እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፣ ካርል ኤርንስት ፎን ቤር በውሻ ላይ እስካገኘው እስከ 1827 ድረስ ተሰውሮ ኖረ።

ዕፀዋት ዘራቸውን ከማሕደሩ አያስወጡም። የወንዴው ብናኝ በሴቴዋ ጫፍ አርፎ ርክበ ብናኝ ሲፈጸም፣ ከብናኙ ቀጭን ቱቦ እየረዘመ ወርዶ ዘሩን ያስፀንሳል፤ ከዚያም ማሕደሩ ራሱ ወፍሮ ፍሬ ይሆናል። የብርቱካን ክፍልፋዮች እያንዳንዳቸው የማሕደሩ ጓዳዎች ናቸው፤ ጭማቂ የሞላባቸው ከረጢቶችም ከጓዳው ግድግዳ የበቀሉ ፀጕሮች ናቸው። በጊሽጣ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ጕብታ ራሱን የቻለ ማሕደር ነበረ፤ በአንዲት አበባ የነበሩት ብዙዎቹ ተዋሕደው አንድ ፍሬ ሆኑ።

ገበሬን ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው ፓፓያ ነው። ወንዴው ዛፍ አበቦቹን በረዥም ዘንግ ወደ ታች ሲያንጠለጥል፣ የሴቴዪቱ አበባ ከግንዱ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ሲከፈትም ወፍራም ማሕደርና በአናቱ ላይ አምስት ቅርንጫፍ ያለው ብናኝ ተቀባይ ይታይበታል። ሁለቱን ጾታ አጣምሮ የያዘ ዛፍም አለ፤ የእርሱ ፍሬ ሞላላ ሲሆን የሴቴዪቱ ወደ ክብነት ያደላል። ችግኝ ሳያብብ ጾታው በዓይን ስለማይለይ፣ በአንድ ጕድጓድ ሁለት ሦስት ተክሎ አበባ እስኪታይ መታገሥ፣ ከዚያም ለብናኝ የሚበቁትን ጥቂት ወንዴዎች አስቀርቶ ትርፉን መንቀል የተፈተነ ዘዴ ነው፤ ውኃ በድካም ከሚሳብበት ምድር ፍሬ አልባ ዛፍ ማጠጣት ከባድ ኪሣራ ነውና።

በሾላ ዘንድ ግን የእንስሳውና የዕፁ ማሕደር ይገናኛሉ። አበቦቹ ፍሬ በሚመስለው አካል ውስጥ ተዘግተው ስለሚኖሩ፣ ርክበ ብናኝን የምትፈጽምላቸው አንዲት ደቃቅ ተርብ ናት፤ በጠባቡ በር ስትገባ ክንፎቿ ይቀነጠሳሉ፣ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን ብናኝ ታራግፋለች፣ እንቁላሏንም በአበቦቹ ማሕደር ውስጥ ትጥላለች። አንገታቸው ያጠረው አበቦች በብዛት የተርቧን ልጆች ሲያሳድጉ፣ አንገታቸው የረዘመው የዛፉን ዘር ያፈራሉ። ይህች ተርብ በሌለችበት በግብጽ ግን ሾላ ዘር ሳይኖረው፣ ከጥንት ጀምሮ በሰው እጅ ከቅርንጫፉ እየተተከለ ይኖራል።