ደመወዝ ሲቆም በሬ ይሸጣል

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ የገጠር ልጆቻችን ገቡበት። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ልብስ ይሰፋሉ። ልብሱ አጎዋ በሚባለው ሕግ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። አሜሪካ ግን በሰሜኑ ጦርነት ሰብዓዊ መብት ተጥሷል ብላ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ዕድሉን አነሳች። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ።

ሌላ ሥራ ከተገኘ ነገሩ አለቀ እንላለን። አላለቀም። እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ልጅቷ ከደመወዟ ቆጥባ ለአባቷ ትልካለች። አባት ማዳበሪያ ይገዛበታል፤ ለታናሽ ወንድሟም ደብተር። ደመወዙ ቆመ። የቤት ኪራዩ ግን አልቆመም። እቁብ ቀድሞ ደርሷት ከሆነማ ገና ትከፍላለች። አባት ሲጨንቀው አንዱን በሬ ይሸጣል። በአንድ በሬ አይታረስም። የሚቀናጀው ጎረቤት ካጣ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ምርቱ ግማሽ ነው። ልጅቷ ከዓመት በኋላ ሥራ ብታገኝም በሬው አይመለስም፤ ዋጋው ጨምሯል። ወንድሟም ከትምህርቱ ቀርቷል።

አንድ ነገር እንንገራችሁ። ድርጅት ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ የስንብት ክፍያ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ዓመቱ ሲጨምር ክፍያውም ይጨምራል። እንግዲህ ልጃችሁ የስንብት ደብዳቤ ሲሰጣት፣ ሳትፈርም አብራችሁ አንብቡት። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። የአንድ ወር ኪራይና ቀለብ ግን ይችላል፤ በሬውም ለዚያ ወር ገበያ አይወጣም።