ማኒፎልድን ከአሮጌ ፒክአፕ ሞተር ላይ ማውረድ

በሬዲዮ የሰማችሁት ንግግር አሁን ተጽፎ በእጃችሁ ነው። ጣታችሁን ከቃሉ ሥር እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ ተከተሉ። የከበደ ቃል ካጋጠማችሁ ወደኋላ ተመለሱና ድገሙት።

የዛሬው ቃል ማኒፎልድ ነው። አምስት ፊደል አለው፤ ማ፣ ኒ፣ ፎ፣ ል፣ ድ። ምንድን ነው? ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። አየሩ በማጣሪያው ያልፋል፤ ካርቡራቶር ውስጥ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ወደየሲሊንደሩ ይከፋፈላል። የሚያከፋፍለው ቱቦ ነው ማኒፎልድ የሚባለው። አንድ ግንድና አራት ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ በሉት። ጭስ የሚያስወጣ ሌላ ማኒፎልድም አለ። እሱን ዛሬ አንነካውም።

ምሳሌ እንዲሆነን የቶዮታ ሃይሉክስን 22 አር ሞተር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የተሠራ፣ አራት ሲሊንደር ያለው፣ 2,366 ሲሲ የሆነ የቤንዚን ሞተር ነው። በዚህ ሞተር ላይ ማኒፎልዱም ቴስታታውም አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ይህን አትርሱ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ለምን ይወርዳል? በማኒፎልዱና በቴስታታው መካከል ጋስኬት የሚባል ስስ ማሸጊያ አለ። ጋስኬቱ ሲያረጅ በቀዳዳው አየር ይገባል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ አየር ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ በላይ አየር ሲገባ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። እንዲሁ ተብሎ ከተነዳ ቫልቭ ሊቃጠል ይችላል። ያን ጊዜ የጋስኬት ወጪ የነበረው የቴስታታ ወጪ ይሆናል። በዚያች ፒክአፕ እህልና ጤፍ ጭኖ ልጆቹን ለሚያሳድር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጋስኬቱ መበላሸቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ማኒፎልዱ ከቴስታታው የሚገናኝበት ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉ። ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው። አንዳንዱ ሰው በውሃ ፋንታ ቤንዚን ያርከፈክፋል። እናንተ አታድርጉት። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ክብሪት እንደ መጫር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ማታ አቁማችሁ ጠዋት ብትጀምሩ ይሻላል። ከባትሪው ላይ የነጌቲቩን ገመድ ፍቱ፤ የመቀነስ ምልክት ያለበት ነው። አጠገባችሁ ሲጋራም ሆነ ከሰል አይኑር። አሸዋ ወይም እሳት ማጥፊያ አስቀምጡ። የቤንዚን እሳት በውሃ አይጠፋም፤ ውሃው እሳቱን ይዞት ይሄዳል።

በ22 አር ላይ የራዲያተር ውሃ በማኒፎልዱ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ውሃውን ከራዲያተሩ ሥር አውጡ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል። ውሃው ውስጥ የራዲያተር ፈሳሽ ካለበት መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ሊጠጣው ይችላል። በዕቃ አድርጋችሁ ክደኑት።

የአየር ማጣሪያውን አንሡ። ወዲያው የካርቡራቶሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ።

እዚህ ላይ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው ይጠቀማል። በማኒፎልዱና በካርቡራቶሩ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት ሁለት ቁራጭ ፕላስተር ቁረጡ። በሁለቱም ላይ “1” ብላችሁ ጻፉ። አንዱን ቱቦው ላይ፣ ሌላውን ቱቦው የገባበት ቦታ ላይ ለጥፉ። ቀጥሎ “2”፤ ቀጥሎ “3”። ለፍሬኑ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ “ፍሬን” በሉት፤ ለቤንዚኑ “ቤንዚን”። በደብተራችሁ ደግሞ ሥዕል ብጤ ሣሉ። “በአእምሮዬ ይዤዋለሁ” የሚል መካኒክ ይኖራል፤ ምሳ በልቶ ሲመለስ ግን የትኛው የት እንደነበር ጠፍቶት ይቆማል።

የቤንዚኑን ቱቦ ስትነቅሉ ሥሩ ዕቃ አስቀምጡ፤ ጫፉን በንጹሕ ብሎን ድፈኑ። በአፍ መሳብ የለም። የጋዝ ገመዱን፣ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦና ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ቱቦ አላቅቁ። የደረቀ ቱቦ እምቢ ካለ አትታገሉት። በምላጭ ቁረጡት፤ አዲስ ቱቦ ይገዛል፤ የተሰበረ መግቢያ ግን አይገዛም።

ካርቡራቶሩን ለብቻው ማውረድ አያስፈልግም፤ ከማኒፎልዱ ጋር አብሮ ይወጣል። አሁን ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን ፍቱ። ዝገት ካለ አስቀድማችሁ ዘይት ቀቡና ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሐል ሂዱ፤ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ አላሉ እንጂ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ያለዚያ ማኒፎልዱ ሊጣመም ይችላል። ከሥር ያሉት ከላይ አይታዩም፤ በእጅ እየዳሰሳችሁ ወይም ከመኪናው ሥር ሆናችሁ በረጅም መፍቻ ድረሱባቸው። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው። የብሎኖቹ ርዝመት ሊለያይ ይችላል፤ ካርቶን ብሱና በየቦታቸው ቅደም ተከተል ሰኳቸው። ቁጠሯቸውም።

ሁሉም ከተፈታ በኋላ ማኒፎልዱ ላይላቀቅ ይችላል፤ አሮጌው ጋስኬት ይዞታል። ካቻቢቴ አስገብታችሁ አትፈንቅሉ። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው ብለን ነበር። አንድ ጭረት ለዘለዓለም አየር ያስገባል። ያልወጣ ብሎን እንደሌለ እንደገና አረጋግጡ፤ ከዚያ በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት።

ማኒፎልዱ ሲወጣ በቴስታታው ላይ አራት ክፍት አፍ ታያላችሁ። ቀጥታ ወደ ቫልቮቹ ይወስዳሉ። አንድ ዳዶ ከገባባቸው ሞተሩ ሲነሣ ፒስተንና ቫልቭ ይሰባብራል። ወዲያው በአራት ጨርቅ ድፈኗቸው። ስንት ጨርቅ እንዳስገባችሁ ጻፉ። እኔ አንድ ጊዜ አልጻፍኩም፤ ሦስቱን አውጥቼ አራተኛውን ረሳሁ። ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ሲንገታገት ግማሽ ቀን ካንዴላ ስቀያይር ዋልኩ።

አሮጌውን ጋስኬት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፋቁ። በብርጭቆ ወረቀት አትሹት፤ ብናኙ ሞተር ውስጥ ይገባል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በማኒፎልዱ ፊት ላይ አጋድሙና ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ። በብዙ ካለፈ ተጣሟል፤ ወደ ቶርኖ ቤት ይወሰድ።

ሲመለስ አዲስ ጋስኬት አድርጉ። አሮጌውን ገልብጦ መልሶ መጠቀም ቁጠባ አይደለም። ጨርቆቹን ቁጠሩና አውጡ። ስትፈቱ ከዳር ወደ መሐል ነበር፤ ስታጠብቁ ግን ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ዙር። ለዚህ ሞተር ልኩ 19 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ጠንካራ ክንድ ያለው ሰው በረጅም መፍቻ ሳያስበው ያልፈዋል፤ ብሎን ይበጠሳል ወይም ጥርሱ ይበላል። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌላችሁ ከሚያውቅ ጋራዥ ተዋሱ።

ቱቦዎቹን በቁጥራቸው መልሱ፤ ውሃ ሙሉ፤ የባትሪውን ገመድ በመጨረሻ እሰሩ። ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ቤንዚን የሚንጠባጠብበት ቦታ እንዳለ በእጃችሁ ዳብሱ። ሲነሣ አስር ደቂቃ ያህል አጠገቡ ቁሙ፤ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ። በማግሥቱ ሲቀዝቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውሃው ከጎደለ ጨምሩ።