ምስጢር የሚባለው የትኛው ነው?

አንባቢ ሆይ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ጀምረው እንደ ሆነ፣ ወይም ትምህርትዎን ጨርሰው ሊጀምሩ የተቃረቡ እንደ ሆነ፣ በራሱ ላይ «ምስጢር» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አንድ ቀን ከእጅዎ መግባቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሁለት ስሕተት ይፈታተንዎታል። አንዱ ደብዳቤውን እንደ ተራ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ለምሳ መውጣት ነው። ሁለተኛው የማኅተሙን ክብር ወዶ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ምስጢር ማለት ነው። ሁለተኛው ትጋት ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊተኛው ያላነሰ ጥፋት ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

ምስጢር ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ እኛ ያለንበት ደምበጫ ይመሰክራል። በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው መኰንን በዊንጌት አዛዥነት ከሱዳን ወደ ጎጃም የገባው «የጌዴዎን ጦር» ከሁለት ሺሕ ሰው አይበልጥም ነበር። በቡሬና በአካባቢው የመሸገው የኢጣልያ ጦር ግን እጥፍ ድርብ ነበር። ዊንጌት ሰዎቹን በትናንሽ ጓድ ከፋፍሎ፣ ከአገሩ አርበኞች ጋር ተባብሮ፣ ሌሊት ከዚህም ከዚያም በማስተኰስ ብዙ ሠራዊት ያለው አስመሰለ። የኢጣልያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ይህን አምኖ ቡሬን ለቀቀ። የካቲት 27 ቀን ደምበጫ አጠገብ ሲደርስ መንገዱ ላይ የነበሩት የኢትዮጵያ ወታደሮች ጥቂት መቶ ብቻ ነበሩ። ብርቱ ውጊያ ሆኖ ጥሶ አለፈ፤ ነገር ግን የተቃዋሚውን ማነስ ስላላወቀ ተመልሶ ሊያጠቃ አልሞከረም፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ሽሽቱን ቀጠለ።

እንግዲህ ያ ቍጥር በዚያ ሳምንት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የስንት ሰው ነፍስ በጠፋ ነበር! ዛሬ ግን ቍጥሩ በታሪክ መጻሕፍት ታትሞ ተማሪ ሁሉ ያነበዋል፤ የሚጎዳውም ሰው የለም። ከዚህ የምንማረው ወረቀትን ምስጢር የሚያደርገው የጻፈው ሹም ማዕርግ አለመሆኑን ነው። የሚመዘነው ቢወጣ በሚያደርሰው ጕዳት ነው፤ ጕዳቱም ጊዜ አለው።

የሌሎች አገሮች የምስጢር ደረጃም የቆመው በዚሁ ሚዛን ላይ ነው። በአሜሪካ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2009 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሦስት ደረጃ አለው። ቢገለጽ የአገርን ደኅንነት ይጎዳል ተብሎ የሚገመተው በታችኛው፣ ከባድ ጕዳት ያደርሳል የተባለው በመካከለኛው፣ እጅግ የከፋ ጕዳት ያመጣል የተባለው በላይኛው ደረጃ ይመደባል። ብርቱ ጥርጥር ሲኖር ዝቅተኛው ደረጃ እንዲመረጥ ያዝዛል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ሕግ መጣስን፣ የሥራ ጕድለትን ወይም ኀፍረትን ለመሸፈን ሲባል ምስጢር ማለትን ይከለክላል። እንግሊዞችም በ2014 የበዙትን ደረጃዎቻቸውን ቀንሰው ሦስት አደረጓቸው።

ምስጢር ሲያመልጥ የሚያመጣውን መዘዝ እኛ ኢትዮጵያውያን በመራራ አውቀነዋል። በ1935 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የእንግሊዝ መንግሥት በሰር ጆን ማፊ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ኮሚቴውም ኢጣልያ ኢትዮጵያን ብትይዝ እንግሊዝን እንድትቃወም የሚያስገድድ ታላቅ ጥቅም በዚያ የላትም ሲል በምስጢር ጻፈ። ጽሑፉ ሮማ ካለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ወጥቶ በኢጣልያኖች እጅ ገባ፤ በየካቲት 1936 በጋዜጣቸው አተሙት። አስቡት፤ አገራችን በጄኔቭ ፍርድ ስትጠብቅ፣ ወራሪዋ የዳኛይቱን ልብ አስቀድሞ አንብቦ ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም መቈለፍ መድኀኒት አይሆንም። አንድ ገበሬ በመሬቱ ላይ የተወሰነውን ለማወቅ ቀን ሙሉ ተጕዞ መጥቶ «ምስጢር ነው» ቢባል፣ ከጠላት የዳነ አገር የለም፤ የተጎዳ ባለ ጕዳይ ግን አለ። ሁሉ ምስጢር በሆነበት ቤት ደግሞ ጸሐፊው እውነተኛውን ምስጢር ከተራው መለየት ያቅተዋል፤ ማኅተሙም ይናቃል።

የአገራችን ሕግም ሁለቱን አብሮ ይዟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። አዋጅ ቍጥር 590/2000 ዜጋ መረጃ ሲጠይቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ደነገገ፤ የአገር ደኅንነትን የሚነካውን ግን ለይቶ አስቀረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ የመንግሥትን ምስጢር የሚያወጣውን ይቀጣል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ማኅተሙን ከማንሣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ይህ ቢታወቅ የሚጎዳው ማን ነው? ጕዳቱስ ምን ያህል ነው? እስከ መቼስ ይቈያል? መልሱ «አገር» ከሆነ ወረቀቱን ቈልፈው ቍልፉን ከኪስዎ አይለዩ፤ ለወዳጅም ቢሆን አያጫውቱ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና። መልሱ «አለቃዬ ያፍራል» ከሆነ ግን ማኅተሙን መልሰው ያስቀምጡ፤ ባለ ጕዳዩንም ያስገቡ።