«ጂን አለበት» ከሚባለው ምግብ ቤት በስተጀርባ

አንድ ምግብ ቤት «ጂን አለበት» የተባለ እንደሆነ፣ ወሬው ከወጡ መዓዛ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሌሊት ዕቃ ተንኳኳ፣ ጥላ ሲያልፍ ታየ፣ አስተናጋጇ ያለ ሕመም ተዝለፍልፋ ወደቀች ይባላል። ከዚያ ደንበኛ ይሸሻል፣ ሠራተኛ ይለቃል፣ ኪራይ ግን አይቆምም። እንደ ጅዳው ሸረፊያ ስደተኛው ከአገሩ ልጅ ጋር በሚገናኝበት ሰፈር፣ የአንድ ምግብ ቤት መዘጋት በአገር ቤት ገንዘብ የሚጠብቁ የብዙ ቤተሰቦች ጉሮሮ መዘጋት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለጨዋታ ማሟሻ ብቻ የሚነሣ አይደለም።

ሙስሊም የጂንን መኖር አይክድም። በቅዱስ ቁርኣን 72ኛው ምዕራፍ በስማቸው ተሰይሟል። በመካ ከተማ በጀነተል ሙዓላ መቃብር አቅራቢያ የሚገኘው መስጂደል ጂንም፣ ጂኖች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንደበት ቁርኣን ያዳመጡበትን ሁኔታ የሚያስታውስ ነው። ነገር ግን ጂን አለ ብሎ ማመንና «እገሌ ቤት ውስጥ ጂን አለ» ብሎ መናገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው እምነት ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃ የሚጠየቅበት ወሬ ነው። ወሬ ሲመጣ ሳያረጋግጡ ሰዎችን ከመጉዳት እንድንጠነቀቅ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ታዘናል።

ያልተጣራ ወሬ ምን እንደሚያደርስ በቅርብ ታይቷል። በሪያድ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየው የዒርቃ ሆስፒታል የጂን መኖሪያ ነው ስለተባለ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በማኅበራዊ መገናኛ የተጠራሩ ወጣቶች ሰብረው ገብተው መስኮቱን ሰባበሩ፣ እሳትም ለቀቁበት። ሕንፃውን የጎዳው የሰው እጅ ነበር። በአገራችንም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በጨለማ ክፍል፣ በግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ማየት ሌላ ምን ያሰኛል? የመሣሪያው አሠራር ሲታወቅ ፍርሃቱ ጠፋ፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ለምግብ ቤት ባለቤቶች እጅግ የሚጠቅመው ታሪክ ግን ከአሜሪካ የተገኘው ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. አንድ ቤተሰብ ወደ አሮጌ ትልቅ ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ ራስ ምታትና ድካም ያዛቸው፤ ሌሊት የእግር ኮቴ ሰሙ፤ የማያውቋቸው ሰዎች ታዩአቸው፤ ልጆቹ ገረጡ፤ በቤት ውስጥ የተተከሉት አበቦችም ደረቁ። ቤቱ ሲመረመር ማሞቂያ ምድጃው ተበላሽቶ፣ ጭሱ በጭስ መውጫው መውጣት ሲገባው ወደ ክፍሎቹ ይገባ እንደነበር ተደረሰበት። ምድጃው ሲጠገን «መናፍስቱ» አብረው ጠፉ። የዓይን ሐኪሙ ዊልያም ዊልመር ይህን በ1921 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት አትሞ አወጣው።

ጥፋተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነበር። ከሰል ወይም ማብሰያ ጋዝ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል። ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሚጣበቅ፣ አንጎልና ልብ አየር እያላቸው ይታፈናሉ። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይቀባዥራል፤ ሲበረታም ይገድለዋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቡና እናስብ። በአገር ቤት ረከቦቱ የሚዘረጋው በር ተከፍቶ ነው። በጅዳ ሙቀት ግን በርና መስኮት ተዘግቶ ሙከይፍ ይከፈታል። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ሙከይፍ ደግሞ ያንኑ የክፍሉን አየር መልሶ ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም። ቅዝቃዜው ጋዙን አያስወጣውም። በእንዲህ ያለ ክፍል ከከሰል ምድጃ አጠገብ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥ እህት ብትዝለፈለፍ፣ ጂን ያዛት ከማለት በፊት ምድጃውን መጠየቅ ይገባል።

ማራገቢያም ሰውን ያስደነግጣል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቪክ ታንዲ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ግራጫ ጥላ ይታየውና ብርድ ብርድ ይለው ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ አንድ ማራገቢያ በሰከንድ 19 ጊዜ ያህል የሚርገበገብና ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እየፈጠረ መሆኑን ደረሰበት፤ ለተሰማውም ምክንያቱ ይኸው እንደሆነ ገለጸ።

ይህ ሁሉ ከሃይማኖታችን ትምህርት ጋር አይጋጭም። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላት መሆኑን አስገንዝበው ከመተኛት በፊት እንዲጠፋ ማዘዛቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ማታ የአላህን ስም አውስቶ በር መዝጋትንና ዕቃ መክደንን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ዚክሩና ጥንቃቄው ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሰል በተዘጋ ክፍል አይቀጣጠል፤ ፍሙ ሳይጠፋም በመኝታ ክፍል አይደር። የወጥ ቤት ጭስ መሳቢያና የጋዝ መስመር በባለሙያ ይፈተሽ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ይገጠም። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ታመው ውጭ ሲወጡ የሚሻላቸው ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፣ ራሱን ለሳተ ሰውም ወደ ቀይ ጨረቃ በ997 ይደወል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀር ነገር ቢኖር፣ አያተል ኩርሲይና ሱረቱል በቀራህ በእጃችን ናቸው። ቁርኣን እየተቀራ መስኮቱም ይከፈት፤ ያን ጊዜ የወንድማችን እንጀራ በወሬ፣ የእህታችንም ሕይወት በጭስ አይጠፋም።