ሁለት ካኖኖች፣ አንድ ዓይነት 24 ሜጋፒክስል

ካሜራ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ራሱን ይነቀንቃል፤ ካነሰ ዓይኑን ወደ ሌላ መደርደሪያ ይወረውራል። በዚህ መለኪያ ከተሄደ ካኖን እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ለጀማሪዎች ያወጣው ኢኦኤስ አር50፣ በ2021 ለባለሙያ የሠራውን ኢኦኤስ አር3ን ይበልጠዋል። አር50 24.2 ሜጋፒክስል፣ አር3 ደግሞ 24.1 ሜጋፒክስል ነው። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርቡ ያለ ሌንስ የመጀመሪያው 680፣ ሁለተኛው 6,000 ዶላር ገደማ ነበሩ።

እንግዲህ ከ5,000 ዶላር በላይ የሆነው ልዩነት ወደ ሜጋፒክስል አልሄደም። ወዴት እንደሄደ ማወቅ ደግሞ ከትልቁ ካሜራ ባለቤት ይልቅ የትንሿን ባለቤት ይጠቅማል። ትንሿ ካሜራ የምትናቀው በማይገባት ነገር ነው፤ የምትወቀሰውም ብዙ ጊዜ ባላጠፋችው።

ሁለቱም ሚረርለስ ናቸው። በዲኤስኤልአር ውስጥ ምስሉን ወደ ዓይን ይልክ የነበረው መስታወት የላቸውም፤ ብርሃኑ በሌንሱ አልፎ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ካኖን በ2018 የጀመረውን የአርኤፍ ሌንስ ይቀበላሉ። ለመግቢያ ይህ ይበቃል።

የሜጋፒክስሉ ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሰሎሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲካሄድ አር3 ገና ለሽያጭ አልቀረበም ነበር። ካኖን ለተወሰኑ ፎቶ አንሺዎች አስቀድሞ ስለሰጣቸው ግን ውድድሩን ያነሱበት ነበር። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ዓለም ያወቀውም ከዚያ ከወጡ ፎቶዎች ነው፤ ከምስሉ ጋር ተያይዞ የሚቀመጠው መረጃ 6000 በ4000 ይላል። 45 ሜጋፒክስል ያለው አር5 ከዓመት በፊት ወጥቶ ስለነበር ብዙዎች ቅር ተሰኙ። ቅር ያላላቸው ሥራው የሚጠይቀውን የሚያውቁት ናቸው። ለዜና ወኪል የሚሠራ ፎቶ አንሺ ሯጩ መስመሩን ባለፈ በደቂቃዎች ውስጥ ፎቶውን መላክ አለበት፤ ፋይሉ በከበደ ቁጥር የሚዘገየው እሱ ነው። ካኖን በ2024 ከሁሉም በላይ አድርጎ ያወጣው አር1ም ያው 24 ሜጋፒክስል መሆኑ በስህተት አይደለም።

6000 በ4000 ነጥብ ያለው ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ሲታተም 50 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ የሚተልቅ የሰርግ አልበም የሚያሠራ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ደግሞም ስለ ሜጋፒክስል ሲከራከር የሚውለው ፎቶ አንሺ ራሱ፣ ሥራውን ለደንበኛው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ይልካል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶውን አሳንሶ ነው የሚያሳልፈው። እንደ ፋይል መላክ የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ንክኪ ብቻ ነው። የሰው የሰርግ ቀን ያነሳ ሰው ይህችን ታህል ጥንቃቄ መንፈጉ ያሳዝናል።

አር50 ከታላቅ ወንድሟ የወረሰችው ሜጋፒክስል ብቻ አይደለም። ሰውን፣ እንስሳንና ተሽከርካሪን ለይቶ የሚከታተለው ፎከስ በሁለቱም ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። ዓይንን ፈልጎ ያገኛል፣ ሰውየው ፊቱን ዞር አድርጎ ሲመለስም እንደገና ይይዘዋል። ይህ ሁሉ ባትሪና ሚሞሪዋ ገብቶ 375 ግራም በምትመዝን ካሜራ ውስጥ አለ። አር3 በዚህ ላይ በእይታ ቀዳዳው የሚመለከተውን ዓይን ተከትሎ ፎከሱን ወደዚያ መውሰድን ይጨምራል። ድንቅ ነገር ነው፤ ያለሱም ግን ጥሩ ፎቶ ይነሳል።

ዋናው ልዩነት ያለው ሴንሰሩ ያየውን በሚያነብበት ፍጥነት ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ማንም የማይጠይቀው ቁጥር ይህ ነው።

ብዙ ሰው ሴንሰር ሙሉውን ምስል ባንዴ የሚይዝ ይመስለዋል። የሚያነበው ግን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ገበታውን በስንጥር እየጠቆመ እንደሚያነበው፣ ረድፍ በረድፍ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች 4,000 ረድፍ አለ። የላይኛው ረድፍ ሲነበብና የታችኛው ሲነበብ መካከል ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚነሳው ነገር ከተንቀሳቀሰ ላይኛው ክፍሉ በአንድ ቦታ፣ ታችኛው በሌላ ቦታ ይመዘገባል። ቀጥ ያለው ነገር ይዘማል።

በሒሳብ ማየት ይቻላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 16.7 ሜትር ይጓዛል። ሴንሰሩ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ 1/30 ሰከንድ ቢፈጅበት መኪናው በዚያ መሀል 55 ሴንቲሜትር ያህል ሄዷል፤ መኪናው ፎቶውን ከላይ እስከ ታች ከሞላው ጣሪያውና ጎማው በግማሽ ሜትር ተለያይተው ፎቶው ላይ ይቀራሉ። 1/180 ሰከንድ ብቻ ቢፈጅበት ልዩነቱ 9 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ዓይን ልብ አይለውም። አር3 በኤሌክትሮኒክ ሻተር (መጋረጃ ሳይንቀሳቀስ ሴንሰሩ ብቻ በሚሠራበት) ፍላሽን እስከ 1/180 ሰከንድ ድረስ አቀናጅቶ መሥራት የቻለው ሴንሰሩ በዚህ ፍጥነት ተነብቦ ስለሚያልቅ ነው። አር50 ከዚህ ብዙ እጥፍ ትዘገያለች።

ለምን ከተባለ፣ በተራ ሴንሰር ላይ ብርሃን ተቀባዩና ንባቡን የሚያካሂደው ሰርኪዩት በአንድ ንጣፍ ላይ ቦታ ይሻማሉ። የአር3 ሴንሰር ግን በንብርብር የተሠራ ነው፤ ብርሃን ተቀባዩ ላይ፣ ሰርኪዩቱ ከሥሩ። ከሥር ሰፊ ቦታ ስላለ ብዙ ረድፍ በአንድ ጊዜ ማንበብ ይቻላል። ካኖን በካሜራዎቹ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሴንሰር ያስገባው በአር3 የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ አሠራሩም ውድ ነው።

ይህ ማለት አር50 የሚንቀሳቀስ ነገር አታነሳም ማለት አይደለም። በጣም የሚያስቆጨው አለመግባባት ይህ ነው። ጸሐፊው አንድ ሰርግ ላይ ያገኘው ወጣት ፎቶ አንሺ፣ እስክስታ ሲያነሳ ትከሻው ሁሉ ተጣሞ እየወጣበት ሌንሱን ሲረግም ነበር። ሌንሱ ምንም አልሆነም። ወጣቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ እንዳያሰማ ካሜራውን ወደ ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ቀይሮት፣ አዳራሽ ሲገባ ሳይመልሰው ቀርቶ ነው። ቃል ኪዳን ሲገባ ቆሞ የሚነሳ ሙሽራ አይጣመምም፤ ሲጨፍር ይጣመማል። አር50 ሌላ ሻተርም አላት፤ መጀመሪያው በኤሌክትሮኒክ ይከፈታል፣ መጨረሻው በእውነተኛ መጋረጃ ይዘጋል። መጋረጃው ብርሃኑን ከዘጋ በኋላ ሴንሰሩ በጨለማ ተረጋግቶ ያነባል፤ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በዚህ ሻተር በሰከንድ 12 ፎቶ ታነሳለች። ለእስክስታም ለእግር ኳስም የሚበቃ ነው።

በቪዲዮ ግን መጋረጃ የሚባል ነገር ስለሌለ ማምለጫ የለም። አር50 ይዘው ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ በኃይል የሚያወናጭፉ ቪዲዮ አንሺዎች ምሰሶውንና ሕንፃውን ሁሉ ያዘሙታል። እጅን ቀስ ማድረግ ብቻ ነው መፍትሔው።

ከዚሁ ፍጥነት የሚመነጭ ሌላ ጉዳይ መብራት ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርትዝ ስለሆነ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይን አያየውም፤ ረድፍ በረድፍ የሚያነብ ሴንሰር ግን ያየዋል። ሻተሩ ፈጣን ከሆነ አንዱ ረድፍ ድምቀቱን፣ ሌላው ድብዛዜውን ይይዝና ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይሰመራሉ። መድኃኒቱ ነፃ ነው፦ 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ ማድረግ፤ ያኔ እያንዳንዱ ረድፍ ሙሉ ዙር ብርሃን ያገኛል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሰርግ የሚያነሳ ሰው ደግሞ እዚያ 60 ኸርትዝ ስለሆነ ወደ 1/60 ወይም 1/125 ይቀይር። የአዳራሽ ባለቀለም ኤልኢዲዎች ግን በራሳቸው ፍጥነት ስለሚርገበገቡ በዚህ ሁልጊዜ አይገዙም። አር3 የእነዚህን መብራቶች ርግብግቢት ለክቶ የሻተሩን ፍጥነት እስከ ነጥብ ቤት ድረስ ያስተካክላል። ለዘፈን ድግስ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ አንዱ ብቻ ገንዘቡን ያስከፍላል።

የጨለማው ክርክር ሌላ ነው። የአር3 ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር፣ የአር50 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው፤ በስፋት 2.6 እጥፍ ይበላለጣሉ፣ የሚሰበስቡት ብርሃንም እንዲሁ። ነገር ግን ከአር50 ጋር በጥቅል የሚሸጠው ከ18 እስከ 45 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ጫፉ ላይ ኤፍ 6.3 ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ ሌንሱ ይጠባል። 200 ዶላር ገደማ የነበረው የአርኤፍ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከእሱ 12 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ትልቁ ሴንሰር ከሚሰጠው ትርፍ ይህ ይበልጣል። «አር50 ማታ አትሆንም» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማው የጥቅሉን ሌንስ ነው። በዚህች ካሜራ ላይ 50ው ወደ 80 ሚሊሜትር የሚያይ ስለሚሆን ለፊት ፎቶ የተመቸ ነው፤ ውስጧ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር ስለሌለ ግን ሻተሩን ከ1/100 ባያወርዱት ይሻላል።

ቀን ቀን ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል። በቀትር ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 ላይ፣ ኤፍ 1.8 ለማንሳት ወደ 1/8000 ሰከንድ ያስፈልጋል። የአር50 ባለመጋረጃ ሻተር 1/4000 ላይ ይቆማል፤ ፎቶው ይነጣል። ከዚያም ላይ በዚህ ዓይነት ሻተር፣ ፍጥነቱ ሲጨምርና ሌንሱ በሰፊው ሲከፈት ከጀርባ ያሉት የብዥታ ክቦች ግማሽ ጎናቸው ይቆረጣል። ሌንሱን ወደ ኤፍ 2.8 መዝጋት ሁለቱንም ያቃልላል። አር3 ሙሉ መጋረጃ ያለው ሻተር ስላለው እስከ 1/8000፣ በኤሌክትሮኒክ ደግሞ እስከ 1/64000 ይሄዳል።

የቀረውን ለማሳጠር፦ አር3 ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አቧራና ዝናብ ይችላል፣ በሰከንድ 30 ፎቶ እያነሳ እስከ 150 ሮው (ገና ያልተቀነባበረ) ፋይል ድረስ አይደክምም። አር50 ሮው ላይ ከአንድ ሰከንድ በታች ትሞላለች፤ በጄፔግ ትቆያለች። አር3 ሁለት ሚሞሪ ይይዛል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። አር50 ያላት አንድ ብቻ ነው፤ የማይደገም ሰርግ በእሷ ብቻ ለማንሳት ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቢያንስ ሚሞሪውን በየምዕራፉ መቀየር አለበት፤ ማጫው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹ አንድ ካርድ ላይ አይከመሩ። ሌንስ ሲቀየርም የአር50 ሴንሰር መስታወት እንኳ ሳይጋርደው ፊት ለፊት ተጋልጦ ስለሚገኝ፣ በነፋስና በአቧራ መሀል ካሜራውን ወደ ላይ አንጋጥጦ መክፈት ግድ የለሽነት ነው።

አንድ ነገር ሻጮች ሳይናገሩት ያልፋሉ። የአር50 የፍላሽ መስኪያ አዲሱ ዓይነት ነው፤ የድሮ ፍላሾች የሚነኩት መሀል ላይ ያለው ማገናኛ የለውም። የቆየ ፍላሽ ወይም የሌላ ድርጅት ትሪገር ሰተት ብሎ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ግን አይበራም። ካኖን ለዚህ ኤዲ-ኢ1 የሚባል ማገናኛ ለብቻው ይሸጣል። ፍላሽ ያለው ሰው ሱቅ ሲሄድ ፍላሹን ይዞ ይሂድ፣ ካሜራዋ ላይ ሰክቶም ሲበራ ይይ፤ ካልበራ የማገናኛው ዋጋ ከካሜራዋ ዋጋ ጋር ይደመር።