በተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ ፍጥነት የሚገኘው ከአያያዝና ከዓይን ትኩረት ነው

ፍጥነትንና ትክክለኛነትን አጣምሮ የሚመዝነው የተግባራዊ ተኩስ ስፖርት ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ተመሥርቷል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ጄፍ ኩፐር ነበሩ።

በስፖርቱ ደንብ መሠረት የተወዳዳሪው ነጥብ ለፈጀበት ጊዜ ይካፈላል። ያልተመታ ዒላማ ነጥብ ስለሚያስቀንስ ቸኩሎ መሳት ትርፍ የለውም።

ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ከእጅ በላይ ስለሚያልፍ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል። በመሆኑም ተኳሹ እጀታውን በተቻለ መጠን ከላይ መያዝ፣ በደጋፊ እጁም ክፍት የቀረውን ጎን ሸፍኖ ማጥበቅ ይገባዋል። ቃታ የሚስበው እጅ ከመጠን በላይ ከጨበጠ ግን ጣቱ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም።

ዓይን በተለያየ ርቀት ያሉ ነገሮችን በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። ስለሆነም ባለ ብረት ማነጣጠሪያ ሽጉጥ የያዘ ተኳሽ፣ በተለይ ዒላማው ሲርቅ፣ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ አጥርቶ ያያል፤ የኋለኛውና ዒላማው ይደበዝዛሉ። ከተኩስ በኋላም የፊተኛው ማነጣጠሪያ ተነስቶ ወደ ቦታው መመለሱ የቀጣዩን ጥይት ጊዜ ያመለክተዋል።

ርግጫውን ፈርቶ አፈሙዙን አስቀድሞ ወደ ታች የሚጫን ተኳሽ ጥይቱ ከዒላማው በታች ያርፍበታል። ይህን ልማድ ለማረም ባዶነቱ ደጋግሞ በተረጋገጠ ሽጉጥ፣ አስተማማኝ በሆነ አቅጣጫ ቃታ የመሳብ ልምምድ ይረዳል።