የስኳር ካባ

ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማ ቆላ የሚወርደውን ወጣት ከወባ ሌላ ካላዛር ይጠብቀዋል። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። መንስኤው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ሌይሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለ ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው።

የጥገኛው ገላ በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ነው። በሰንሰለቶቹ ጫፍ የዝንቧን አንጀት ይይዛል፤ ለመተላለፍ ሲደርስ ግን ሰንሰለቶቹ ይረዝማሉ፣ ጫፋቸው ይሸሸጋል፣ እርሱም ከአንጀቷ ይላቀቃል። ይህን ለውጥ በምን እናውቃለን? ከለውዝ በሚወጣ፣ ስኳርን መርጦ በሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ያልደረሱትን እርስ በርስ ሲያጣብቅ የደረሱትን ይተዋቸዋል።

ይኸው ፕሮቲን በምራቅ ዕጢ ካንሰር ምርምርም አገልግሏል። በጤናማ ሕዋስ ላይ ብዙውን ጊዜ ተሸፍኖ የሚኖር ስኳር በካንሰር ሕዋስ ላይ ሲገለጥ ይጠቁማልና።

ከቆላ ተመልሶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ ጣፊያውም ያበጠ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር እንዲመረመር እናሳስባለን።